«ገብቷችኋል?» ስል «አዎ!» ይላሉ፤ ፈተናው ግን ሌላ ይናገራል። የተማሪን ትክክለኛ አስተያየት እንዴት ልሰብስብ?

አዲስ ጠመኔ፦
ጤና ይስጥልኝ መምህራን። ባሕር ዳር ውስጥ 9ኛ ክፍል ባዮሎጂ የማስተምር ጀማሪ መምህርት ነኝ። አራት ሴክሽን አለኝ፤ በእያንዳንዱ ከ60 እስከ 64 ተማሪ፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ። ትምህርቱን ጨርሼ «ገብቷችኋል?» ስል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። አጭር ፈተና ስሰጥ ግን ግማሹ መልስ የለውም። ሦስት ነገር ልጠይቃችሁ። አንደኛ፣ መግባት አለመግባቱን ከክፍል ሳልወጣ የማውቅበት መንገድ። ሁለተኛ፣ ስለ አስተማማሬ ያላቸውን ሐሳብ ሳይፈሩ እንዲነግሩኝ ምን ላድርግ? ሦስተኛ፣ ለሲፒዲ (ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ) ፋይል የሚጻፈው የራስ ግምገማ እንዴት ቢጻፍ ነው ለእኔ ለራሴ የሚጠቅመው? ነገ ክፍል ገብቼ የምሠራውን ያህል ዝርዝር አድርጋችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ደንገል፦
እንኳን ወደ ሙያው በደህና መጣሽ።

«ገብቷችኋል?» የሚለውን ከነገ ጀምረሽ ተዪው። ልጆቹ እየዋሹሽ አይደለም። «አልገባንም» ማለት አንድም መምህርን መንቀፍ፣ አንድም በጓደኛ ፊት ማፈር ሆኖ ይሰማቸዋል፤ ይሉኝታው ከባድ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ያልገባው ልጅ እንዳልገባው ብዙ ጊዜ አያውቅም። ሰሌዳ ላይ ያለውን ደብተሩ ላይ ገልብጧል፤ ስለዚህ የያዘው ይመስለዋል።

በምትኩ የመውጫ ጥያቄ ስጪ። አሠራሩ ይኸው። አንድ ሉክ ስምንት ቦታ ይቀደዳል፤ ስምንት ሉክ ለ64 ተማሪ ይበቃል። ብጣሹን ቤትሽ ቀደሽ ይዘሽ ግቢ፤ ክፍል ውስጥ ይቀደድ ካልሽ አምስት ደቂቃ በጫጫታ ይሄዳል። ደወል ሊደወል 7 ደቂቃ ሲቀረው ማስተማርሽን አቁሚ። ይህ ነው ለጀማሪ የሚከብደው፤ «ይህቺን ብቻ ልጨርስ» ስትዪ ደወሉ ይደርሳል። አንድ ደቂቃ ለማደል፣ አራት ደቂቃ ለመጻፍ፣ አንድ ደቂቃ ለመሰብሰብ። የሚሰበስቡት ከየረድፉ ኋላ የተቀመጡት ልጆች ይሁኑ፤ ወረቀቱ ከኋላ ወደ ፊት ይምጣ።

ጥያቄው ላይ ነው ብዙው ነገር የሚበላሸው። «ኦስሞሲስ ምንድን ነው?» ብለሽ ብትጠይቂ ከደብተር የተገለበጠ ትርጉም («ውሃ በስስ ሽፋን አልፎ ጨው ወደ በዛበት መሄዱ») ታገኛለሽ፤ ምንም አይነግርሽም። ክፍል ውስጥ ያልተነሳ ነገር ጠይቂ፦ «አሳ አጥማጅ ቆሮሶ አሳውን ከፍቶ ጨው ሲነሰንስበት ከአሳው ውሃ ይወጣል። ውሃው ከየት ወጣ? ለምን ወጣ?» ይህን የጣና ዳር ልጅ ሁሉ አይቶታል፤ ደብተሩ ውስጥ ግን መልሱ የለም። በአማርኛ መጻፍ እንደሚችሉ ንገሪያቸው። 9ኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለሆነ በእንግሊዝኛ ብቻ ካስጻፍሻቸው ያልገባው ሐሳቡ ይሁን ቋንቋው መለየት አትችዪም።

ከዚያ ወረቀቶቹን በሦስት ክምር ለዪ። ማረም የለም፣ ነጥብ የለም፣ ቀይ እስክሪብቶ አይነካም። አንደኛው ክምር የገባቸው፤ ሁለተኛው ግማሹን የያዙ፤ ሦስተኛው የተሳሳቱ። አንድ ወረቀት ላይ ከ10 ሰከንድ በላይ አትቆዪ፤ 64ቱ ወደ 11 ደቂቃ ይፈጃል። ለአንቺ ወርቁ ሦስተኛው ክምር ነው። በዚህ ርዕስ በብዛት የሚመጣው ስሕተት «ጨው ውሃውን ስለሚጠጣ» የሚል ነው። ልጁ ስስ ሽፋኑን ፈጽሞ አላሰበውም ማለት ነው፤ ጨውን እንደ ስፖንጅ ነው የሚያየው። ስለዚህ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ትርጉሙን ደግሞ ማስጻፍ አይጠቅምም። 3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያላቸው ሁለት የድንች ቁራጮች፣ አንዱን በንጹሕ ውሃ፣ ሌላውን ሦስት የሻይ ማንኪያ ጨው በሟሟበት አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ክፍለ ጊዜው ሲጀመር ጨምሪ። 30 ደቂቃ ቆይቶ አንዱ ልምሾ ሆኖ ይታጠፋል፣ ሌላው ቀጥ እንዳለ ነው። ጨው የነካው ላዩ ብቻ ሳይሆን ድንቹ ራሱ ከውስጥ ውሃ ማጣቱን በጣታቸው ይነኩታል።

ሽምብጥ፦
ደንገል ያሉት ጥሩ ነው፤ በየቀኑ ወረቀት ማደል ግን አይቻልም። ምንም ወጪ የሌለው ሌላ መንገድ አለ። ተማሪዎቹ ማስታወሻ ሲጽፉ የጠፋባቸው ቦታ ላይ በደብተሩ ኅዳግ ትንሽ ኮከብ እንዲያደርጉ አስለምጃቸው። እጅ ማውጣት የለም፣ መናገር የለም። የክፍል ሥራ ሰጥተሽ በዴስኮቹ መካከል ስትዘዋወሪ ዓይንሽ ኮከቡ ላይ ይሁን። ኮከቦቹ አንድ መስመር ላይ ከተከማቹ ችግሩ የአንቺ ማብራሪያ ነው፤ ወዲህም ወዲያም ከተበተኑ ደግሞ የየልጁ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ማንም ኮከብ አያደርግም። ሰሌዳ ላይ አንቺ ራስሽ አንድ ቦታ ላይ ኮከብ አድርገሽ «እዚህ ጋ በደንብ አላብራራሁም፣ ልድገመው» በያቸው። ከዚያ በኋላ ይጀምራሉ።

ፔዳ 04፦
ሦስተኛውን ጥያቄ ልውሰድ።

የዕለታዊ ዕቅዱ ግርጌ ላይ ለአስተያየት የተተወች ቦታ አለች። እዚያ ላይ በብዛት የሚጻፈው «ትምህርቱ በዕቅዱ መሠረት ተሰጥቷል፤ ተማሪዎች በንቃት ተሳትፈዋል» ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር ለማንኛውም መምህር፣ ለማንኛውም ቀን ይሆናል፤ ስለዚህ ምንም አይናገርም። ዶናልድ ሾን የተባለው አሜሪካዊ በ1983 እ.ኤ.አ. ባለሙያ በሁለት መንገድ ያሰላስላል ብሎ ነበር፦ ሥራው ላይ እያለ፣ እና ሥራውን ከጨረሰ በኋላ። ጀማሪ መምህር ክፍል ውስጥ እያለ ለማሰላሰል ገና ጊዜ የለውም፤ ጠመኔው፣ ጫጫታው፣ ሰዓቱ ሁሉም አንድ ላይ ይመጣል። ስለዚህ የአንቺ ሥራ ሁለተኛው ነው፤ እሱ ሲደጋገም ነው የመጀመሪያው የሚመጣው።

ደብተር ለብቻ ያዢ፤ ለማንም የማይታይ። በቀን አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ምረጪ፣ ከዚያ ክፍለ ጊዜም አንድ ቅጽበት ብቻ። አራት መስመር ይበቃል፦ ምን ሆነ፣ ለምን ይመስለኛል፣ በሚቀጥለው ምን እለውጣለሁ፣ መለወጡን በምን አውቃለሁ። ለምሳሌ እንዲህ፦

«9ሐ፣ 4ኛ ክፍለ ጊዜ። ድንቹ ለምን ለሰለሰ ብዬ ጠየቅኩ፤ 11 እጅ ወጣ፣ 9ኙ ከፊት ሁለት ረድፍ። ጥያቄው በቃል ብቻ ነበር፣ ያውም በእንግሊዝኛ፤ ወዲያው ደግሞ አንዱን ጠራሁ። ነገ በ9መ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ከዴስክ ጓደኛቸው ጋር 1 ደቂቃ እንዲነጋገሩ አደርጋለሁ። የማየው ከኋላ አራት ረድፍ የሚወጣውን እጅ ብዛት።»

ልብ በይ፤ እዚህ ውስጥ «ጥሩ ነበር»፣ «ደካማ ነበር» የሚል ቃል የለም። ቁጥር አለ፣ የሆነ ነገር አለ፣ የሚታይ ነገር አለ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ፍርድ ከገባ ሦስቱም ተከታይ መስመሮች ይበላሻሉ፤ «ክፍሉ ሰነፍ ነው» ብለሽ ከጀመርሽ የሚለወጥ ነገር አይኖርሽም።

መቼ ይጻፍ ለሚለው በዚያው ቀን፣ ከግቢ ከመውጣትሽ በፊት። ስድስት ደቂቃ ነው። ማታ ቤት ከሆነ የምታስታውሺው የተናደድሽበትን ብቻ ነው።

አንድ ትልቅ ዕድል ደግሞ አለሽ። አራት ሴክሽን ማለት አንዱን ትምህርት በሳምንት አራት ጊዜ ታስተምሪዋለሽ ማለት ነው። በአንደኛው ያየሽውን በሁለተኛው አስተካክለሽ ልዩነቱን ታያለሽ። አንድ ነገር ብቻ ለውጪ። ጥያቄውንም፣ አቀማመጡንም፣ ምሳሌውንም በአንዴ ከለወጥሽ የትኛው እንደሠራ አታውቂም። ደግሞም በፕሮግራሙ ምክንያት ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚማረው ሴክሽን ያልተስተካከለውን ትምህርት የሚቀበል ይሆናል፤ ይህ ግፍ ነው። ለእነሱ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ አምስት ደቂቃ መልሰሽ ስጪ።

ባሕር ዳር ላይ ሰዓቱን መመዝገብ እንዳትረሺ። በመጋቢትና በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ሲግል ከ8 ሰዓት በኋላ ያለው ክፍል እንደ ጠዋቱ አይሆንም፤ በሰኔ ደግሞ ዝናቡ ጣሪያው ላይ ሲወርድ ድምፅሽ ከሦስተኛ ረድፍ አያልፍም። የጠዋቱን ሴክሽን ከከሰዓቱ ጋር አወዳድረሽ «እነዚያ ይሻላሉ» ማለት ትክክል አይደለም። አንድን ሴክሽን ከራሱ ጋር አወዳድሪ።

አዲስ ጠመኔ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ይህን ያህል ዝርዝር አልጠበቅኩም። ሁለት ነገር ግን ከበደኝ። ለአራት ሴክሽን የመውጫ ጥያቄ ካደልኩ ወደ 250 ብጣሽ ነው። ሁለተኛው፣ ስለ እኔ አስተያየት ጻፉ ብል ስም ባይጽፉም የእጅ ጽሑፋቸውን እንደማውቅ ያውቃሉ።

ደንገል፦
በሳምንት አንድ ሴክሽን ብቻ ይበቃል፤ በአራት ሳምንት ሁሉም ይዳረሳል። አራቱንም የግድ ማየት ካለብሽ ከሁሉም ሰብስቢና ከየሴክሽኑ ወረቀት በየአራተኛው አንድ ምዘዢ፤ ከ64ቱ 16 ይደርስሻል። ግን ሳታነቢ በቁጥር ምዘዢ፤ ዓይንሽ ጥሩ ጽሑፍ ወዳለው እንዳይሄድ።

ማዶ ዘጌ፦
የእጅ ጽሑፉ ጉዳይ በደንብ የታየ ነው፤ ብዙ ሰው ያልፈዋል። መፍትሔው ቃል ሳይሆን ቁጥር ማስጻፍ ነው። ጥያቄዎቹን ሰሌዳ ላይ ጻፊ፣ እነሱ ብጣሹ ላይ የጥያቄውን ተራ ቁጥርና ከ1 እስከ 4 ያለ መልስ ብቻ ይጻፉ። «2 – 3» ብሎ የጻፈን ልጅ በእጅ ጽሑፉ ማንም አይለየውም። ከ1 እስከ 5 አታድርጊው፤ መሃል ላይ ያለችውን 3 ሁሉም ይይዛታል፤ ማንንም የማታስቀይም ናት። አራት ከሆነ ወደ አንዱ ማዘንበል ግድ ነው።

ጥያቄው አምስት ይሁን፤ ከዚያ አይለፍ። ስለ አንቺ ማንነት ሳይሆን ክፍል ውስጥ ስለሚሆነው ነገር ይሁን። «መምህርቷ ጎበዝ ናት?» አይሆንም፤ ክብር ነው የሚመልሱልሽ። እነዚህን ሞክሪ፦ መምህርቷ ጥያቄ ጠይቃ ለማሰብ ጊዜ ትሰጠናለች። ከኋላ ስቀመጥ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ይነበበኛል። ያልገባኝን ብጠይቅ የምዋረድ አይመስለኝም። የምትናገረው እንግሊዝኛ ይገባኛል። የቤት ሥራው ሲታረም ስሕተቴ የት እንደሆነ አያለሁ። 1 ማለት «በፍጹም»፣ 4 ማለት «ሁልጊዜ»። ቁጥሮቹን ሰሌዳው ላይ በአማርኛ አብራሪያቸው፤ 1ን አንደኛ መውጣት አድርጎ የሚያየው ልጅ አይጠፋም፣ ውጤትሽን ይገለብጠዋል።

ስትደምሪ አማካይ አታውጪ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ 1 እና 2 ያሉትን ቁጠሪ። «አማካዩ 3.1» ምንም አይልሽም፤ «ከ62ቱ 19ኙ ጥያቄ ብጠይቅ እዋረዳለሁ ይላሉ» ግን እንቅልፍ ይነሳሻል፤ መንሳትም አለበት።

ሲሰበሰብ አንቺ ክፍል ውስጥ አትሁኚ፤ ካልሆነም በሩ ላይ ጀርባሽን ሰጥተሽ ቁሚ። የክፍል አለቃው በካርቶን ይሰብስብ፣ ያደባልቀው። ጊዜውን በጥንቃቄ ምረጪ። ፈተና በተመለሰ ማግስት አይሆንም፤ ያኔ የምታገኚው ስለ ማርክ ያላቸውን ስሜት ነው። ዓርብ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜም አይሆንም። ሴሚስተሩ በተጀመረ በአምስተኛው ሳምንት ገደማ አንዴ፣ ከዚያ በሰባት ሳምንቱ አንዴ። ከዚህ በላይ ከሆነ ሰልችተው ሁሉንም 4 ይሞላሉ።

ዋናው ነገር ግን ከተሰበሰበ በኋላ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ መልሰሽ ንገሪያቸው። «ያላችሁኝ ይህ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ይህን ከሰኞ ጀምሮ እለውጣለሁ፤ ይህን ደግሞ በዚህ ምክንያት አልችልም።» ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። መልስ ያልተሰጠበት አስተያየት ለሁለተኛ ጊዜ አይሰጥም። የምትለውጪውም አንድ ነገር ይሁን፣ ግን ዓይናቸው የሚያየው። ሰሌዳው አይነበብም ካሉ በማግስቱ ፊደሉን አተልቂው፣ ከጻፍሽም በኋላ እስከ መጨረሻው ዴስክ ሄደሽ ራስሽ አንብቢው።

ቀለም ቀንድ፦
እኔ በአንድ ነገር አልስማማም። ስም የለሽ አስተያየትን ብቻ ካስለመድናቸው ፊት ለፊት ተናግሮ ማስተካከልን መቼ ይማራሉ? ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ቅኔ ቤት ተማሪው ቀኑን ሙሉ ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም በልቡ ሲያዘጋጅ፣ ውሎ ማታ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ እዚያው ጓደኞቹ ፊት ያርመዋል፣ ተማሪውም ለምን እንደታረመ ይጠይቃል። እርማት እዚያ ነውር አይደለም፤ የትምህርቱ አካል ነው። ስለዚህ ከስም የለሹ ጎን አንድ የተማሪ ቡድን አቋቁሚ። ስድስት ልጆች፦ ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከመሃል፣ ሁለት ከኋላ፤ ግማሾቹ ሴቶች፤ ደረጃ የሚወጡት ብቻ እንዳይሆኑ። በሁለት ሳምንት አንዴ በእረፍት 10 ደቂቃ። ጥያቄው ሁልጊዜ ሦስት ነው፦ ምን ይቀጥል፣ ምን ይቅር፣ ምን ይጀመር? የሚናገሩት የራሳቸውን ሳይሆን የጓደኞቻቸውን ሆኖ ይቅረብ፤ «ልጆቹ ምን ይላሉ?» ሲባል አፋቸው ይፈታል።

ማዶ ዘጌ፦
ቀለም ቀንድ፣ ሐሳብዎ ጥሩ ነው፤ አንድ አደጋ ግን አለው። ስድስቱ ልጆች በክፍሉ ውስጥ «የመምህርቷ ሰዎች» ተብለው ይለያሉ፤ ወሬ አመላላሽ ይባላሉ። ደግሞ በቅኔ ቤት ተማሪው ወዶ፣ መንገድ ተጉዞ የመጣ ነው፤ መምህሩም ማርክ አይሰጠውም። እዚህ ማርኩን የምትይዘው እሷ ናት።

ቀለም ቀንድ፦
እውነት ነው። እንግዲያውስ ልጆቹ በየወሩ ይቀያየሩ፣ በዕጣ ይመረጡ። ስለ አንድ ተማሪ በስም ምንም ነገር አይነሳ፤ ሕጉ ይህ መሆኑ ለክፍሉ ሁሉ አስቀድሞ ይነገር።

ጉድኝት፦
ሱፐርቪዥን ላይ ያለሁ ነኝ፤ የአማካሪ መምህርን ነገር ልጨምር። አዲስ የተመደበ መምህር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በትውውቅ መርሐ ግብር ከአማካሪ ጋር ነው የሚሠራው፤ የሲፒዲ ሰዓቱም በዓመት 60 ነው። ብዙ ቦታ ይህ 60 ሰዓት በስብሰባና በፊርማ ያልቃል። በአግባቡ ከተሠራበት ግን ከተማሪ አስተያየት ቀጥሎ ትልቁ መስታወት የአማካሪ ምልከታ ነው።

አንድ ዙር ምልከታ ይህን ይመስላል። ከክፍሉ በፊት 10 ደቂቃ ተቀመጡና አንድ የሚታይ ነገር ብቻ ተስማሙ። 40 ደቂቃው ምልከታው ነው። ከዚያ በዚያው ቀን 30 ደቂቃ ውይይት። በድምሩ 80 ደቂቃ። በሴሚስተር አራት፣ በዓመት ስምንት ዙር ብታደርጉ ወደ 11 ሰዓት ይሆናል።

ለመጀመሪያው ዙር የምመክርሽ የዴስክ ካርታ ነው። አማካሪሽ ክፍሉን በወረቀት ላይ ይሣል፣ እያንዳንዱ ዴስክ አንድ ሳጥን። አንቺ ተማሪ በጠራሽ ቁጥር እዚያ ሳጥን ውስጥ አንድ ጭረት፤ ለሴት ክብ፣ ለወንድ ጭረት ቢሆን ይበልጥ ይጠቅማል። መጨረሻ ላይ የምታዩት ነገር የታወቀ ነው፦ ጥያቄው የፊት ረድፉንና የመሃል መስመሩን ይዞ ይቀራል፤ ግራና ቀኝ ግድግዳ ሥር ያሉት ባዶ ናቸው። ይህ የሚሆነው ከሰሌዳው ፊት ስትቆሚ ዓይንሽ በቀላሉ የሚያርፈው እዚያ ስለሆነ ነው። ከመስኮቱ ጎን ቆመሽ ስትጠይቂ ካርታው ይለወጣል።

ሁለተኛው ዙር ጥያቄ ጠይቀሽ የምትቆዪበትን ሰከንድ መቁጠር። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት መምህራን ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ያህል ነው። 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ የተማሪው መልስ ይረዝማል፣ ሳይጠሩ የሚመልሱት ይበዛሉ፣ ዝም የሚሉት ይቀንሳሉ። በሁለተኛ ቋንቋ ለሚማር ልጅ 3 ሰከንድም ያንሳል፤ ጥያቄውን ወደ አማርኛ መልሶ፣ አስቦ፣ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ነው የሚናገረው። አማካሪሽ ሰዓት ይዞ 10 ጥያቄ ይመዝግብልሽ።

አማካሪው የሚጽፈው ያየውንና የሰማውን ብቻ ይሁን። «ክፍሉን መቆጣጠር አልቻለችም» ፍርድ ነው። «3፡20 ላይ በመስኮቱ በኩል ያሉ 6 ተማሪዎች ደብተር አልከፈቱም» ግን መረጃ ነው፤ ተቀምጣችሁ ልትነጋገሩበት ትችላላችሁ። በውይይቱም መጀመሪያ የምትናገሪው አንቺ ነሽ፣ እሱ አይደለም። እሱ ከጀመረ አንቺ ወደ መከላከል ትገቢያለሽ።

አንድ ነገር በጥብቅ ልበል። ለራስ መሻሻል የተሰበሰበ የተማሪ አስተያየት ከሥራ አፈጻጸም ምዘና ጋር እንዳይደባለቅ። መምህሩ ውጤቱ ደረጃውን እንደሚነካ ካወቀ ልጆቹን ማባበል ይጀምራል፤ ፈተና ይቀላል፣ ማርክ ይለግሳል። ርእሰ መምህሩ ጥሬ ወረቀቱን ከጠየቀሽ ጥሬውን ሳይሆን አንድ ገጽ ማጠቃለያውን ስጪ፦ ምን ጠየቅሽ፣ ምን አገኘሽ፣ ምን ለወጥሽ።

አዲስ ጠመኔ፦
ማስታወሻ እየያዝኩ ነው ያነበብኩት። ተማሪዎች ክፍት አስተያየት ሲሰጡ የሚደጋግሙት ሁለት ነገር አለ፦ «ኖት አብዢልን» እና «በአማርኛ አስተምሪን»። ሁለቱንም እሺ ማለት ይከብደኛል። የሚሳደብም አይጠፋም። እነዚህን እንዴት ነው የማያቸው?

የሐረግ ሥር፦
የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ፤ እነዚህን ሁለቱን ለእኔ ተዉልኝ።

የተማሪ አስተያየት የሕመም ምልክት እንጂ መድኃኒት ማዘዣ አይደለም። «ኖት አብዢልን» የሚለው ልጅ ብዙውን ጊዜ ሊል የፈለገው «ከተናገርሽው ውስጥ የትኛው ዋና እንደሆነ መለየት አቃተኝ» ነው፤ ወይም መጽሐፍ ለሁለት ለሦስት ስለሚጋሩ ቤት የሚያነበው የለውም። ኖት ብታበዢ 40 ደቂቃው በመገልበጥ ያልቃል፣ የመውጫ ጥያቄሽ ደግሞ ያው ይሆናል። ይልቅ ሰሌዳውን ለሁለት ክፈዪ። የግራው አንድ ሦስተኛ እስከ መጨረሻ አይጠፋም፦ የዕለቱ ጥያቄ፣ ሦስት ዋና ነጥቦች፣ አዳዲስ ቃላት። የቀኙ ለሥዕልና ለማብራሪያ ይጠፋል፣ ይጻፋል። ግራውን የገለበጠ ልጅ በቂ ኖት ይዟል።

«በአማርኛ አስተምሪን» ደግሞ ተገቢ ጩኸት ነው። 8ኛን ጨርሶ 9ኛ የገባ ልጅ ባዮሎጂ ላይ ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ ይታገላል። ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ወደ አማርኛ መዞር ኋላ ይጎዳዋል። መካከለኛው መንገድ ይህ ነው፦ ከክፍሉ በፊት ዕቅድሽ ውስጥ ስድስት ቁልፍ ቃል ምረጪ፣ ከስድስት አይብለጥ። መጀመሪያ ነገሩን አሳዪ፣ ድንቹን ማለት ነው፤ በአማርኛ ምን እንደሆነ ራሳቸው ይናገሩ፤ ከዚያ የእንግሊዝኛውን ቃል ለዚያ ለሚያውቁት ነገር ስጪው። ቃሉን ጮክ ብለው ሦስት ጊዜ ይበሉት፣ አንዴ በዓረፍተ ነገር ይጻፉት። የተለመደው ስሕተት ግልባጩ ነው፦ መጀመሪያ የእንግሊዝኛውን ትርጉም ሰሌዳ ላይ ጽፎ ከዚያ በአማርኛ መተርጎም። ያኔ ልጁ አማርኛውን ይጠብቃል፣ እንግሊዝኛውን አያነበውም።

ስድቡን አንዴ አንብበሽ ለይተሽ አስቀምጪ፣ በማግስቱ ድጋሚ አንብቢው። «ትጮሃለች፣ ታበሳጫለች» የሚል ውስጥ እውነት ሊኖር ይችላል፤ ድምፅሽ በእርግጥ ከፍ ብሎ ይሆናል። ስለ መልክ ወይም ስለ ትውልድ የተጻፈ ከሆነ ቅደጂው። ማን እንደጻፈው ግን በፍጹም አትፈልጊ። አንዴ «ይህን ማን ጻፈ?» ካልሽ ከዚያ በኋላ የሚመጡት 62 ወረቀቶች ሁሉ «4፣ 4፣ 4» ናቸው።

ሽምብጥ፦
በስልክ ድምፅ መቅዳትስ? ራስን ለመስማት ጥሩ ይመስለኛል።

ጉድኝት፦
ይጠቅማል፤ ድምፅ ብቻ ግን። ቪዲዮ ከሆነ የልጆች ፊት ይገባል፤ ለዚያ የትምህርት ቤቱም የወላጅም ፈቃድ ያስፈልጋል። ለክፍሉ አስቀድመሽ ተናግረሽ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪ፣ ከክፍለ ጊዜው መሃል 15 ደቂቃ ብቻ ቅጂ። ስትሰሚ ሁለት ነገር ቁጠሪ፦ ከ15ቱ ስንቱን ደቂቃ አንቺ ተናገርሽ፣ ስንት ጊዜስ ራስሽ ጠይቀሽ ራስሽ መለስሽ። ከዚያ አጥፊው። ቴሌግራም ላይ ለጓደኛ እንኳ አይላክ።

አዲስ ጠመኔ፦
እንዲህ ላድርግ ብዬ አሰብኩ፤ ካጠፋሁ አርሙኝ። ከሰኞ ጀምሮ በ9ሐ ብቻ የመውጫ ጥያቄ። በየቀኑ አራት መስመር። በሦስተኛው ሳምንት አማካሪዬ የዴስክ ካርታ ይሣልልኛል። በአምስተኛው ሳምንት የቁጥር አስተያየቱ በአራቱም ሴክሽን። ለፖርትፎሊዮው፣ ለሲፒዲ ፋይሉ ማለቴ ነው፣ ምን ምን ልሰብስብ?

ፔዳ 04፦
ዕቅዱ ጥሩ ነው፤ አንድ ነገር ልቀንስልሽ። የቁጥር አስተያየቱን መጀመሪያ በሁለት ሴክሽን አድርጊው። አራቱም በአንድ ሳምንት ቢመልሱ ለአራቱም በሁለት ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አትችዪም፤ ያ ደግሞ ሁሉን ያበላሻል።

ለፖርትፎሊዮ አራት ወረቀት ይበቃል። አንድ የመውጫ ጥያቄና የሦስቱ ክምር ብዛት። ከየክምሩ አንድ አንድ ናሙና፣ ስም የሌለው። ሁለት የዴስክ ካርታ፣ የመጀመሪያውና ከስድስት ሳምንት በኋላ ያለው፣ ጎን ለጎን። ከግል ደብተርሽ ደግሞ ለውጥ ያመጣች አንድ ገጽ፤ ደብተሩን በሙሉ አታስገቢ። ፋይሉ ወፍሮ ማንም የማያነበው ከሚሆን በአራት ገጽ አንድ ነገር መለወጡ ቢታይ ይበልጣል።

ደንገል፦
የቀሩትን ብጣሾች በተመለከተ፦ ከአንድ ሴሚስተር በላይ አታስቀምጪ፣ ቢሮው ጥግ ባለው ቆሻሻ መጣያም አትጣያቸው። ወረቀት እዚህ ከተማ ውስጥ ሥራ አያጣም፤ በሳምንቱ በር ላይ ቆሎ ተጠቅልሎበት ተማሪ እጅ ይገባል። ልጁ «ጨው ውሃውን ይጠጣዋል» ብሎ የጻፈውን ጓደኛው ሲያነበው ካየ ሁለተኛ እውነቱን አይጽፍልሽም። ቀደሽ አቃጥያቸው።